የጠየቀውን አታሳፍሩ፣ የሄደውን አትርገሙ

ልጆቼ፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎላጉል ሕንፃ አለፍ ብሎ ካለው ካፌ ፎቅ ላይ እየተሰበሰባችሁ መጽሐፍ እንደምታነቡ፣ ባነበባችሁትም እንደምትከራከሩ አውቃለሁ። ደስ ብሎኛልም። ሰፈራችን ሃያ ሁለት ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው ሥጋ ቤቱና የማታው ሙዚቃ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ወጣት ልጅ ከደመወዙ ቀንሶ መጽሐፍ ገዝቶ፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲነጋገር ማየት ለእንደኔ ያለ ሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው። እግዜር ይባርካችሁ።

ነገር ግን ሰሞኑን ከእናንተ የአንዱ እናት ደጄ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ልጄን ወሰዱብኝ» አለችኝ። ጠጣ፣ ቃመ፣ ሰረቀ አላለችም። «ጨዋ ነው፣ ያነባል። ግን እኛን መናቅ ጀምሯል። አብሮ አደጎቹን ተወ። አንድ ነገር ባነሣሁ ቁጥር ‹አንቺ አይገባሽም› ይለኛል። ሃይማኖት ለወጠ እንዳልል የሚሄድበት ቤተ እምነት የለም፤ ጠባዩ ግን ልክ ሃይማኖት እንደ ለወጠ ሰው ነው» አለችኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። መከራ ሳይቀድመኝ እኔ ልምከራችሁ።

ሐሜቱን እናንተም ሰምታችሁታል። «እነዚህ ልጆች ንባቡን አምልኮ አድርገውታል» ሲሏችሁ ትስቃላችሁ። ራሳችሁን የምታዩት ያለ ማስረጃ ምንም እንደማይቀበሉ ሰዎች ነውና ስድቡ እናንተን የሚነካ አይመስላችሁም። እኔ ግን አትሳቁ እላለሁ። ወዳጅ የሚያስለቅስ፣ ጠላት የሚያስቅ ይናገራል። ይህን የምላችሁ ወዳጃችሁ ስለሆንኩ ነው።

በቅድሚያ ግን ለእናንተ ልከራከር። ሰው ያላወቀውን ነገር በክፉ ስም መጥራት ይቀናዋል። በ15ኛው መቶ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው «ስግደት ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ለንጉሥ አይገባም» በማለታቸው መናፍቃን ተባሉ። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ዛሬ ግን ከገዳማቸው ከጉንዳ ጉንዶ የወጡት የብራና መጻሕፍት በጽሕፈታቸውና በሥዕላቸው ይደነቃሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ታሪካቸውን በአማርኛ ካሳተሙልን ወዲህም ደቂቀ እስጢፋኖስን በአክብሮት የሚያነሣ ሰው በዝቷል። ስለዚህ ስም ስለወጣባችሁ ብቻ አጥፍታችኋል አልልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አብሮ ማንበብ፣ መዋደድ፣ በሚግባቡበት ቃል መነጋገርም ነውር የለበትም። ቅኔ ቤቱም ጋራዡም የራሱ ቃል አለው።

ታዲያ ጥፋቱ የሚጀምረው ከየት ነው? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ወደ አገራችን ታሪክ ልውሰዳችሁ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ስድስት ኪሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቂት ተማሪዎች በድብቅ እየተገናኙ ያነቡ ጀመር። «አዞዎቹ» ይባሉ ነበር። በቁጥር ትንሽ ቢሆኑም ሐሳባቸው ከክፍል አልፎ አደባባይ ወጣ። በየካቲት 1957 ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጣ። በ1958 ደግሞ ከዚህ ከኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ሾላ ላይ፣ ለማኝና ድኻ ታፍሶ የሚታጎርበትን ቦታ ሁኔታ አውቆ ድህነት ወንጀል አይደለም ሲል ጮኸ። የወሎ ረሃብ ሲደበቅም ካጋለጡት መካከል የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ነበሩበት። ልጆቼ፣ እነዚያ ወጣቶች እውነት ይዘው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ያስደበደባቸው መፈክር የአገር ሕግ ሆነ።

መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው። በአንድ ትልቅ ጉዳይ ከሁሉም ቀድሞ ትክክል የሆነ ሰው፣ በሁሉም ጉዳይ ትክክል ነኝ ብሎ ለማመን ቅርብ ነው። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» እንዲሉ። ሕዝቡም «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሕዝብ ነውና አወቃችሁ ብሎ አመናቸው።

ንባቡ እየሰፋ መሄድ ሲገባው እየጠበበ ሄደ። ማርክስ፣ ሌኒን፣ ስታሊን፣ ማኦ፤ ከነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የአድኃሪ መጽሐፍ ሆነ። የክርክሩም ዳኛ ተለወጠ። «ይህ ነገር እውነት ነው ወይ? የመንዙ፣ የአርሲው ገበሬ ምን ይላል?» መባሉ ቀርቶ «ሌኒን ምን ብሏል?» ተባለ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ገበሬውን ሳይጠይቁ ስለ ገበሬው በሩቅ አገር የተጻፈውን እየጠቀሱ የሚረታቱ ልጆች በዙ።

በነሐሴ 1960 ሐምቡርግ ላይ መኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ)፣ በ1964 በርሊን ላይ ደግሞ ኋላ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) የተባለው ድርጅት ተመሠረቱ። የሁለቱም አባላት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ በአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ ያደጉ፣ ብዙዎቹም በስም የሚተዋወቁ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ባዮች፣ ሁለቱም ለድኻው ቆመናል ባዮች ነበሩ። መኢሶን ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን ለያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ለደርግ፣ «ሂሳዊ ድጋፍ» እንስጥ አለ፤ ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ። በ1968 በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ላይ በብዕር ተሟገቱ። ከዚያ ክርክሩ ወደ ጥይት ዞረ። ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ» አለ፤ መኢሶን «አናርኪስት» ብሎ መለሰ። ስም አንዴ ከወጣለት በኋላ ሰውየው ምን አለ፣ ለምን አለ ብሎ የሚሰማ የለም። ነገሩ ሁሉ «ጅብ ከሚበላህ በልተኸው ተቀደስ» ሆነ። ከሁሉ በላይ የገደለው፣ ሬሳ በየመንገዱ የጣለው ደርግ ነው፤ ይህን ማንም አይክደው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ደርግ ሳይነካቸው በፊት በነዚያ ባለ አእምሮ ልጆች መካከል ስለ ተበላሸው ነገር ነው።

እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ሌሊት በበር ሥር የሚገባው በስቴንስል የተባዛ ወረቀት፣ የኢሕአፓ ልሳን ዲሞክራሲያ፣ ትዝ ይለኛል። ቀለሙ ጣት ያጠቁራል። ስለዚህ አንብበን ምድጃ ውስጥ ከከተትነው በኋላ እጃችንን በሳሙና ፈትገን እንታጠብ ነበር። ታላላቆቻችን በትግል ስም ይጠራራሉ፤ በሕዋስ ተከፋፍለው አንዱ ሕዋስ ሌላውን አያውቀውም። ስብሰባው ሲያበቃ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፤ ማን ፈራ፣ ማን ተጠራጠረ፣ የማን ልብ ወደ ቤተሰቡ አደላ ይባላል። ምሥጢሩን ያመጣው የመንግሥት ዱላ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ምሥጢር የለመደ ቤት ውስጥ ጥርጣሬም ወንጀል ይሆናል። በአንድ ማዕድ ቀርበው፣ አንዱ የዚህ ሌላው የዚያ ሆነው፣ ቃል ሳይለዋወጡ የሚነሡ ወንድምና እህት አይቻለሁ።

የጌታቸው ማሩን ነገር ልንገራችሁ። ጌታቸው የኢሕአፓ አመራር አባል ነበር። ከተማ ውስጥ የተጀመረው የትጥቅ ትግል ድርጅቱን ያስጨርሰዋል፣ ከሕዝብም ይነጥለዋል ብሎ ተከራከረ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ብርሃነ መስቀል ረዳም ይህንኑ መንገድ ተቃወመ። ለሐሳባቸው የተሰጠው መልስ «አንጃ» የሚል ስም ሆነ። ጌታቸውን በ1969 የያዙትም የገደሉትም የገዛ ጓዶቹ ናቸው። የኢሕአፓ አባል የነበረችው ሕይወት ተፈራ በማስታወሻ መጽሐፏ ስለሱ የጻፈችውን ያነበበ ሰው ልቡ ሳይደማ አይዘጋውም። ጥቂት ቆይቶ የፈራው ደረሰ፤ የድርጅቱ የከተማ መዋቅር አለቀ። ብርሃነ መስቀልን ደርግ በ1971 ገደለው። የመኢሶኑን ኃይሌ ፊዳንም በዚያው ዓመት። ሂሳዊ ድጋፍ ያለውም፣ የለም ያለውም፣ መሀል ቆሞ እንነጋገር ያለውም አንድ አፈር በላ። ከሃያ ሁለት ተነሥታችሁ በኡራኤል ቁልቁል ብትወርዱ መስቀል አደባባይ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ፎቶግራፎች ያሉት የእናንተ እኩዮች ናቸው። ሄዳችሁ ፊታቸውን እዩ።

«እኛ እኮ ጠመንጃ አልያዝንም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ጠመንጃው የመጨረሻው ነገር ነበር። የመጀመሪያው፣ አንድ ልጅ ጥያቄ ሲጠይቅ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው የተያዩበት ቀን ነው።

ብልህ ሰው ከዚህ ያመልጣል ብላችሁም አትታለሉ። ብልህ ሰው ለስሕተቱም የረቀቀ ምክንያት አያጣም። ያልተማረው «ተሳስቻለሁ» ብሎ ያርፋል፤ የተማረው «ሁኔታው ገና ስላልበሰለ ነው» ይላል። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ያኔ ይመጣል። ይህ ደግሞ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በፈረንጆች 1950ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አይን ራንድ የተባለች ደራሲ ቤት ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰቡ የሚያነቡ ወጣቶች ነበሩ። የምታስተምራቸው ሰው በራሱ አእምሮ ብቻ እንዲመራ፣ ለማንም እንዳያጎበድድ ነው። ኋላ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የሆነው አለን ግሪንስፓን ከነሱ አንዱ ነበር። በፈረንጆች 1968 የቅርብ ደቀ መዝሙሯን ናትናኤል ብራንደንን በግል ጉዳይ ተጣልታ ስታባርረው፣ እነዚያ በራሳችን አእምሮ እንመራለን ያሉት ሰዎች የራሱን ቃል ሳይሰሙ በጽሑፍ አወገዙት። ግሪንስፓንም ፈረመ። ስለ ነፃ አእምሮ ማስተማርና የሰውን አእምሮ ነፃ መተው የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ ተማሩ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ጠያቂውን አታሳፍሩ። አንድ ቅዳሜ ጋብዛችሁኝ ከጎናችሁ ተቀምጬ ነበር። አንድ አዲስ ልጅ «ይህ ነገር እኛ አገር ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። አንዳችሁ ፈገግ አለ። ሌላው «መጀመሪያ መሠረታዊዎቹን አንብብ» አለው። ልጁ ማኪያቶውን ሲያማስል ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ እሱ ግን እዚህ ቤት ጥያቄ ዋጋ እንደሚያስከፍል ተማረ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። «አንብብ» ማለት መልስ አይሆንም። ያመነበትን ነገር ለእናቱ በምትሰማው አማርኛ ማስረዳት ያቃተው ሰው፣ ነገሩ ለሱም ገና አልገባውም።

ሁለተኛ፣ ተከራካሪ አቁሙ። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ብለው በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ ከሳሹም ተከሳሹም እኩል ይሰማ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይፈርድ ነበር። የመጻሕፍት ሊቃውንትም «አንድም» እያሉ ሁለት ሦስት ፍች ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። የጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት በትርጓሜ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን ሊቅ አፍርተዋል። የቆሎ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር ከዳተኛ አይባልም፤ እንዲያውም ብዙ ደጅ የጠናው ይከበራል። እናንተም በየሳምንቱ አንድ ሰው የቡድኑን ሐሳብ ከልቡ እንዲሞግት መድቡ። የማታምኑበትንም መጽሐፍ ከሚያምንበት ሰው ጋር አንብቡ።

ሦስተኛ፣ አንድ ሰው አታንግሡ። በመካከላችሁ ከናንተ የበለጠ ያነበበ፣ አንደበቱም የቀና ልጅ አለ። አከብረዋለሁ። ግን እሱ ሲናገር ክርክሩ ሁሉ የሚያልቅ ከሆነ ለሱም ለናንተም ጉዳት ነው። ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም። ስብሰባውን በየተራ ምሩት፤ እሱም መጨረሻ ላይ ይናገር። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።

አራተኛ፣ «ጊዜ የለም» የሚለውን ቃል ፍሩት። ዓለም ከባድ አደጋ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ አደጋውን ቀድማችሁ አይታችሁትም ይሆናል። ነገር ግን «እኛ ካልደረስን ሁሉም ያበቃለታል» ያለ ሰው ለእናቱ ጊዜ ያጣል፣ ለጥያቄ ትዕግሥት ያጣል፣ መጨረሻም ለሰው ሕይወት ርኅራኄ ያጣል። ያ ትውልድ ነገ የሚነጋ መስሎት ሌሊቱን ሁሉ ሮጧል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አምስተኛ፣ ከሰው አትለዩ። ሠርግ ሂዱ፣ ለቅሶ ድረሱ፣ ከአብሮ አደጎቻችሁ ጋር ኳስ እዩ። የሰፈራችን ዕድር ሰው ሲሞትበት «ሟቹ ምን ያምን ነበር?» ብሎ አይጠይቅም፤ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ይደረድራል። ከሐሳባችሁ የማይስማሙ ግን የሚወዷችሁ ሰዎች ያስፈልጓችኋል። ስትሳሳቱ የምትመለሱበት ቤት እነሱ ናቸው። ወዳጁ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው፣ ሐሳቡን ከለወጠ ወዳጁን ሁሉ በአንድ ቀን ያጣል። ይህን እያወቀ ሐሳቡን የሚመረምር ስንት ሰው አለ? ሰዎች «አምልኮ ነው» ሲሉ የሚሸታቸው ይህ ነው። የምታነቡትን መጽሐፍ አያውቁትም፤ ልጃቸው ከእናንተ ውጭ ቤት እንደሌለው ግን ያያሉ።

ስድስተኛውና ዋናው፣ የሄደውን አትርገሙ። ከእናንተ የተለየ ልጅ ይኖራል። «አልገባውም ነበር»፣ «ፈርቶ ነው»፣ «ተሸጦ ነው» አትበሉት። «ለምን ሄድክ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙ። መንገድ ላይ ስታገኙት ቡና ጋብዙት፤ ሲታመም ጠይቁት። ያ ትውልድ «አንጃ» የሚለውን ቃል ባያውቅ ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ! እናንተ እንዲህ ያለውን ቃል ገና ሳትለምዱት ከአፋችሁ አውጡት።

የአንድ ማኅበር ልኩ የሚታወቀው ስንት መጽሐፍ እንዳነበበ ወይም አባላቱ ምን ያህል እንደሚዋደዱ በማየት አይደለም፤ የጠየቀውና የወጣው ሰው ምን እንዳጣ ተቆጥሮ ነው። ጠያቂው ክብሩን፣ የወጣው ወዳጆቹን ካላጣ ጎረቤት ያሻውን ቢል አትጨነቁ፤ የናንተ የንባብ ቤት ነው። ካጡ ግን ጎረቤት እውነቱን ነው፤ ስሙን አትቃወሙ፣ ቤቱን አስተካክሉ።

ስለዚህ ሰው «አምልኮ ነው» ሲላችሁ በክርክር ለመርታት አትድከሙ። ከመካከላችሁ የወጣ ሰው ይመስክርላችሁ። የሱ ምስክርነት ካማረ ሰፈሩ ሁሉ ልጆቹን ወደናንተ ይልካል፤ እኔም እልካለሁ። ንባባችሁን አታቋርጡ፣ ልባችሁን አታጥብቡ። እድሜና ጤና ከማስተዋል ጋር ይስጣችሁ።